«ሰነፍ» ከማለታችን በፊት



ባለፈው ዕትም አንድ ሠልጣኝ ጓደኛችን «በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት የጎበዝ ትምህርት ነው፤ ሰነፍ የትም ቢማር ሰነፍ ነው» የሚል አስተያየት ጽፎ ለጥፎ ነበር። በማግስቱ ነገሩ በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ሳይቀር ክርክር ሆኖ ዋለ። ግማሹ ሰው «እውነቱን ነው» አለ፤ ግማሹ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህች «ሰነፍ» የምትባል ቃል እኛ ቤት ውስጥ ምን እንደሠራች ስለማውቅ ነው። ይህን የምጽፈው ጓደኛዬን ለማስቀየም አይደለም። ነገ ጠመኔ ይዘን ክፍል ፊት ስንቆም የተማሪን ጠባይ በምን ዓይን እንደምናይ አብረን እንድናስብበት ብዬ ነው።

ለመሆኑ የሰው ጠባይ በትምህርቱ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ? ያመጣል። በተለይም መምህሩ ሩቅ ሆኖ ተማሪው ብቻውን ከስልክና ከጽሑፍ ጋር ሲቀር በጣም ያመጣል። እዚህ ላይ ከጓደኛዬ ጋር እስማማለሁ። የምንለያየው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

ነገሩን ከራሴ ቤት ልጀምር። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ አገራችን ገባ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኔ ያን ጊዜ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ የዩኒቨርሲቲ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። የጎረቤታችንም ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ዲፓርትመንት፣ እዚያው ክፍል ነበር።

ሁለቱ በጠባይ ሰማይና ምድር ናቸው። እህቴ ሰው ወዳድና ተጫዋች ናት። ክፍል ውስጥ እጇን ሳታወጣ አትውልም ነበር። ፈተና ሲቀርብ በዶርማቸው ውስጥ ቆማ ለጓደኞቿ የምታስረዳው እሷ ነበረች። «እኔ ነገሩ የሚገባኝ ለሰው ሳስረዳው ነው» ትላለች። ልጁ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ሰላም ሲሉት እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመልሰው። መምህር በስሙ ከጠራው ያልበዋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በክፍል አንድም ጥያቄ ጠይቆ እንደማያውቅ እህቴ ትነግረን ነበር።

መምህራኖቻቸው ጽሑፍና አሳይመንት በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ያን ጊዜ «ከሁለቱ ማን ይበረታል?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያለ ጥርጥር «እህቴ» እል ነበር። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ያ ዝምተኛ ልጅ የግሩፑ ዋና ጠያቂ ሆነ። ጥያቄውን ይጽፋል፤ ይሰርዛል፤ አስተካክሎ ይልካል። ቀና ብሎ የሚያፍርበት ፊት የለም፤ ከኋላ ሆኖ የሚስቅበትም የለም። አልጋው በላይ በእስክሪብቶ የሠመረው የጊዜ ሰሌዳ ነበረው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አይነቃነቅም። እህቴ ደግሞ ጽሑፉን ትከፍታለች፤ ሁለት ገጽ ታነባለች፤ ቀና ስትል «ነይ እስኪ ይቺን አብረን እንያት» የምትላት ጓደኛ አጠገቧ የለችም። ስልኩን ታስቀምጠዋለች። ነገ አነበዋለሁ ትላለች። እንዲህ እንዲህ ሲል ፒዲኤፉ በስልኳ ውስጥ እንደ ክምር ገለባ ተቆለለ። ግቢ ተጠርተው ያንን ሁሉ በጥቂት ሳምንት አጠቃለው ሲፈተኑ ልጁ በጥሩ ውጤት አለፈ። እህቴ በአንድ ኮርስ ወደቀች፤ ምርቃቷም በአንድ ዓመት ተጓተተ።

አባታችን «ሰነፍሽ» አላት። እኔም ታናሽ ሆኜ ምን አገባኝ ሳልል «እሱ በስልክ ተምሮ አላለፈም እንዴ? ሰነፍ ስለሆንሽ ነው» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ተነሥታ ማድ ቤት ገባች። ያቺ አካሄዷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

እዚህ ተቋም ገብቼ የሥነ ልቡና ትምህርት ስንጀምር ነው ነገሩን መለስ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት። እንደተማርነው የሥነ ልቡና ሊቃውንት የሰውን ጠባይ በአምስት ዋና ዋና መልኮች ይመድቡታል። አንደኛው ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን ነው። ሁለተኛው ታታሪነትና ሥርዓት አክባሪነት ነው። ሦስተኛው ከሰው ጋር የመቀላቀል ፍላጎት፣ አራተኛው ለሰው ማዘንና መተባበር፣ አምስተኛው ደግሞ ቶሎ የመጨነቅ ዝንባሌ ነው። በብዙ ጥናቶች ላይ ደጋግሞ እንደታየው ከእነዚህ ከአምስቱ መካከል ከትምህርት ውጤት ጋር በይበልጥ የሚሄደው ሁለተኛው፣ ማለትም ታታሪነትና ሥርዓት አክባሪነት ነው። በኢንተርኔት ትምህርት ደግሞ ደወል የለም፤ ስም ጠሪ የለም፤ «ደብተርህን አውጣ» የሚል የለም። ደወሉም ስም ጠሪውም ራሱ ተማሪው መሆን አለበት። ስለዚህ ሰዓቱን ራሱ የሚጠብቅ ሰው በዚህ ትምህርት ቢጠቀም አያስገርምም።

ችግሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ታላላቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሴራና ኤድኤክስ በሚባሉት መድረኮች ትምህርታቸውን ለዓለም ሕዝብ በኢንተርኔት መስጠት ሲጀምሩ ለአንድ ኮርስ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው ይመዘገብ ነበር። እስከ መጨረሻው የሚዘልቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 15 እንኳ አይሞላም ነበር። በእርግጥ ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ለማየት ያህል እንጂ ለመጨረስ ያልገቡ ናቸው። ቢሆንም ብቻውን የሚማር ሰው በመንገድ መቅረቱ የተለመደ ነገር መሆኑን ቁጥሩ ያሳያል። ይህን ሁሉ የዓለም ሕዝብ «ሰነፍ» ብለን ልንሰድበው ነው?

ጓደኛዬ እዚህ ላይ «ታዲያ ያልኩት ይኸው አይደል! ሥርዓት ያለው ያልፋል፤ የሌለው ይወድቃል» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ሦስት ነገር ዘንግቷል።

አንደኛ፣ ጠባይ እንደ ቁመት ተለክቶ የተሰጠ ነገር አይደለም። ሊቃውንቱ ጠባይን የሚለኩት «ብዙ ጊዜ ምን ታደርጋለህ?» ብለው በመጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነገር ደግሞ ልማድ ነው፤ ልማድም ይለመዳል። ሰው ከልጅነት ወደ ጎልማሳነት ሲሻገር ሥርዓት አክባሪነቱ በአማካይ እየጨመረ እንደሚሄድም ታውቋል። ባሪ ዚመርማን የተባለው ተመራማሪ ራሱን የሚመራ ተማሪ ሦስት ነገር ያደርጋል ይላል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያቅዳል፤ በሥራው ላይ እያለ ራሱን ይከታተላል፤ ከጨረሰ በኋላ ምን ተሳካ ምን ቀረ ብሎ ራሱን ይገመግማል። እስቲ አስቡት፤ ከእነዚህ ውስጥ ማስተማር የማይቻለው የትኛው ነው? የ3ኛ ክፍል ልጅ እንኳ «ዛሬ ምን ላጠና ነው?» ብሎ በደብተሩ ጫፍ ላይ እንዲጽፍ ማስለመድ ይቻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ ነው። እኛ ሳናስተምረው «ለምን አላወቅህም?» ማለት ፊደል ሳያስቆጥሩ አንብብ እንደማለት ነው።

ሁለተኛ፣ አንድ ጠባይ አንድ ቦታ ላይ ብርታት፣ ሌላ ቦታ ላይ ድካም ይሆናል። እህቴ በየካቲት ጎበዝ ነበረች፤ በሚያዝያ ሰነፍ ተባለች። ስንፍናው በሁለት ወር ውስጥ ከየት መጣ? እሷ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የመማሪያው ቦታ ነው። ሰው በመካከሉ ሲኖር የሚያስበው ሰው ብቻውን ሲቀር እንደ ዓሣ ከውኃ መውጣት ነው። ዝምተኛው ደግሞ በክፍል ውስጥ የታፈነው በቴሌግራም ተነፈሰ። ማይክል ሙር የተባለው የርቀት ትምህርት ተመራማሪ በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር አይለካም ይላል። ርቀቱ የሚለካው በመካከላቸው ባለው ውይይትና በትምህርቱ አቀራረብ ነው። ውይይት ከሌለ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠንም ልንራራቅ እንችላለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ታላላቆቻችን ሲያወሩ ሰምተን የለም? የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ክፍሉ ገና ሲያስብ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ማቆም አይቻል፤ ማስደገም አይቻል። ያን ጊዜም «አልገባኝም» ያለው ልጅ ሰነፍ ይባል ነበር። መቶ ገጽ ጽሑፍ በቴሌግራም ልኮ ዝም ማለት ከዚያ በምን ይሻላል?

ሦስተኛው እኔን በጣም የሚቆረቁረኝ ነው። ጠባይ የሚመስለን ሁሉ ጠባይ አይደለም። የልጁ ቤትና የእኛ ቤት በአንድ አጥር ነው የሚዋሰኑት። መብራት ሲጠፋ በሁለታችንም ቤት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ሲቆራረጥ በሁለታችንም ቤት ይቆራረጣል። ስለዚህ እኩል ነበሩ ብዬ ነበር የማስበው። ኋላ ግን የእህቴን ቀን በሰዓት ብቆጥረው አፈርኩ። ጠዋት ቡናና ቁርስ የእሷ ነው። ቀጥሎ ቤት መጥረግ አለ። ሊጥ አቡክታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ወጥ ሠርታ ምሳ ታቀርባለች። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ይመጣል፤ «ነይ አስተናግጂ» ይባላል። ማታ ደግሞ ራት። ልጁ በጓሮ በኩል ለብቻው አንዲት ክፍል ነበረችው፤ እናቱም «ልጄ እያጠና ነው፤ እንዳትረብሹት» እያሉ ሰው ይመልሱለት ነበር። ለእህቴ እንዲህ ያለላት ማን ነው? ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የማይነቃነቅ ሰው ለመሆን እኮ መጀመሪያ ከሦስት እስከ ስድስት ያለው ሰዓት የራስ መሆን አለበት።

ይባስ ብሎ እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ። ካርድ ሞልታ የገዛችውን ዳታ ብዙ ጊዜ የምጨርስባት እኔ ነበርኩ። ምግብ ልትሠራ ስትገባ ስልኳን እወስድና የኳስ ጨዋታ ቪዲዮ አያለሁ። እሷ ማታ አሳይመንት ለማውረድ ስትሞክር ዳታ አልቋል። «ሰነፍ ስለሆንሽ ነው» ያልኳት እኔው ነኝ። አንድ ሰው ቢወድቅ ከመውደቁ በፊት የገፋው እንዳለ መጠየቅ ደግ ነው።

ይህን ስል ጠባይ ምንም አይደለም፣ ጥፋቱ ሁሉ የኑሮ ነው ማለቴ አይደለም። ሰዓትም ክፍልም ስልክም ኖሮት ቀኑን በወሬ የሚጨርስ አለ፤ እዚሁ ግቢያችንም አለ፤ አንዳንዴ እኔም እሆናለሁ። የእኔ አስተያየት አንዲት ናት። «ሰነፍ» የሚለው ቃል ምርመራ የሚጀመርበት እንጂ የሚያበቃበት አይሁን። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር «አንተ በሽተኛ ነህ» ብሎ ቢያሰናብተው ሐኪም ይባላል? መምህርም እንዲሁ ነው።

ቃሉ ደግሞ ራሱ ይጎዳል። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው ሰው «ይህን መሥራት እችላለሁ» ብሎ በራሱ ማመኑ ምን ያህል እንደሚጥርና ችግር ሲገጥመው ምን ያህል እንደሚጸና ይወስናል። ደጋግሞ «ሰነፍ» የተባለ ልጅ ግን ይህን እምነቱን ያጣል። ያጣ ዕለት ደግሞ መሞከር ይተዋል። ያን ጊዜ እኛ «አላልኳችሁም?» እንላለን። ራሳችን ያበላሸነውን ራሳችን እንደ ማስረጃ እንቆጥረዋለን ማለት ነው።

የእህቴ ነገር እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። የወደቀችበትን ኮርስ ደግማ ለመውሰድ ስትዘጋጅ ክረምቱን እቤት ነበረች። ጽሑፉ ያው ጽሑፍ፣ ስልኩም ያው ስልክ ነው። አሁን ግን እንደ ጎረቤታችን ልጅ ልሁን አላለችም። አራት የዶርም ጓደኞቿን ሰብስባ የራሳቸውን ግሩፕ ከፈተች። ሁልጊዜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እያንዳንዳቸው በተራ አንድ ምዕራፍ በድምፅ ያስረዳሉ፤ ሌሎቹ ይጠይቃሉ። ድምፅ ብዙ ዳታ አይበላም። ተረኛ የሆነችበት ቀን ለጓደኞቿ ላለማፈር ስትል ሳታነብ አታድርም ነበር። እራትና ዕቃ ማጠብ በዚያ ሰዓት የእኔ ሆነ፤ አባታችን መጀመሪያ ቅር ቢለው ኋላ ለመደው። ኮርሱን በጥሩ ውጤት አለፈች። አያችሁ? ጠባይዋን አልቀየረችም። የጣላትን ጠባይ መነሻ አደረገችው።

ያ ጎበዝ ልጅስ? እሱም በተራው ተፈተነ። የመመረቂያ ጽሑፉን በመምህራን ፊት ቆሞ የሚያቀርብበት ቀን ሲደርስ እንቅልፍ አጣ። የቴሌግራሙ ትምህርት ድካሙን ሸፍኖለት ነበር እንጂ አልፈወሰለትም። ማን ደረሰለት? እህቴ! እኛ ሳሎን ውስጥ እኔንና ሁለት የሰፈር ልጆችን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ሦስት ማታ ሙሉ እያስቆመች አስለማመደችው። በመጀመሪያው ማታ ድምፁ አልሰማ አለን፤ በሦስተኛው ግን ለጥያቄያችን መልስ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በኢንተርኔትም በክፍልም የሁሉም ሰው ጠባይ በአንድ በኩል ይሞላል፤ በአንድ በኩል ይጎድላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ እኛስ ምን እናድርግ? እኛም ዛሬ ጽሑፍና አሳይመንት በቴሌግራም እየተቀበልን ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ. እያንዳንዱ ክፍል አምስት አምስት ሆኖ ይከፈል። በየቡድኑ ተናጋሪም ዝምተኛም ይግባበት፤ የተወሰነ የጥናት ሰዓትም ይኑረው።

2ኛ. መምህሮቻችን ረጅም ጽሑፍ ሲልኩልን በሳምንት በሳምንት ከፋፍለው ከእያንዳንዱ ጋር ሁለት ሦስት ጥያቄ ቢያክሉበትና ለመልሳችን አጭር አስተያየት ቢሰጡን በትሕትና እንጠይቃለን። አንዲት «ጥሩ ነው፤ ይቺን ግን እንደገና እያት» የምትል ቃል ብዙ ርቀት ታሳጥራለች።

3ኛ. ስልክ የሌለው ወይም ከቤተሰብ ጋር የሚጋራ ሠልጣኝ መኖሩ ይታወቅ። ጽሑፉ በወረቀት ታትሞ አንድ ቅጂ ላይብረሪ ይቀመጥ። ይህ ብዙ ወጪ የለውም።

4ኛ. ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ስንወጣ የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ ብናገኝ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው። የት ተቀምጠህ ትሠራለህ? መቼ ጊዜ ታገኛለህ? ከማን ጋር ብትሠራ ይቀልሃል? መልሱን ከሰማን በኋላ የምንለውን እንላለን።

ጓደኛዬ ሆይ፣ በጽሑፍህ ብዙ ነገር እንዳስብ ስላደረግኸኝ አመሰግንሃለሁ። መልስ ካለህ ግድግዳው ሰፊ ነው፤ ጻፍና ለጥፍ። አንተም ሌላውም ብትቃወሙኝ ቅር አይለኝም። እህቴ አሁን ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት በቴሌግራም አነበብኩላት። ሳቀችና «ዳታዬን የጨረስከውንም ጻፈው እንጂ!» አለችኝ። ጽፌዋለሁ።

ቸር እንሰንብት!

ከአንድ የ2ኛ ዓመት ሠልጣኝ